ከብራና ማራገቢያ እስከ ልደት ካርድ፦ በሞጆ በኩል ያለፈው የወረቀት መንገድ

ኒውዮርክ በሚገኘው ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ከኢትዮጵያ የሄደ አንድ የብራና ሥዕል አለ። የተሠራው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ታጥፎ ሲቀመጥ ቀጭን ጥራዝ ይመስላል፤ ሁለቱን ጫፎች ይዘው ሲገልጡት ግን እጥፋቱ እየተከፈተ ይሄድና ዞሮ ገጥሞ ትልቅ ክብ ማራገቢያ ይሆናል። በክቡ ውስጥ እመቤታችን እጆቿን ለጸሎት ዘርግታ ቆማለች፤ መላእክትና ቅዱሳን አጅበዋታል። ባልቲሞር ባለው ዎልተርስ ሙዚየምም የዚሁ ዓይነት ሌላ ማራገቢያ ይገኛል፤ አሣሣሉ በጉንዳ ጉንዴ ገዳም መጻሕፍት ላይ ከምናየው ጋር ይቀራረባል። እንዲህ ያለው ሥራ በበዓል ቀን ተዘርግቶ ለምእመናን ይታይ ነበር። ሠዓሊው ሥዕሉን ብቻ አልነበረም ያሰበው። ተመልካቹ ተዘግቶ ሲያየው ምን እንደሚጠብቅ፣ ሲከፈትለት ደግሞ ምን እንደሚሰማው አስቦበታል።

ከማራገቢያው ሌላ ሰንሱል የሚባለውም አለ። ረጅም የብራና ጥብጣብ ወዲያና ወዲህ እየታጠፈ በኪስ የሚያዝ ይሆናል፤ ሲዘረጋ ቅዱሳኑ በተራ ተሰልፈው ይወጣሉ። ዛሬ በሞጆና በአዳማ ቤቶች ልጆች ለእናታቸው ልደት የሚሠሩት፣ ሲከፈት አበባ ብድግ የሚልበት ካርድ የባዕድ ፋሽን ነው የሚል ሰው ካለ፣ ታሪኩን ከእነዚህ ሁለት ሥራዎች ቢጀምር ደስ ይለኛል። ከገዳሙ ማራገቢያ እስከ ልጆቹ ካርድ ቀጥ ያለ መስመር መሳብ አይቻልም። ሆኖም አጥፎ የመደበቅና ገልጦ የማስደነቅ ጥበብ በዚህ ሀገር ከ500 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው።

ያ ጥበብ ያኔ የቆመው በቆዳ ላይ ነበር። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ በእንጨት መወጠሪያ ላይ በጠፍር ተወጥሮ ጸጉሩና ሥጋው ይፋቃል፤ ደርቆ ይለሰልሳል፤ ከዚያም በገጽ በገጽ ይቆረጣል። ቀለሙ ከጥላሸት፣ ብዕሩ ከመቃ ይዘጋጃል። አንድ መጽሐፍ የብዙ ፍየሎችን ቆዳ ስለሚፈጅ ብራና ለጨዋታ የሚባክን ነገር አልነበረም። በስምጥ ሸለቆው ደግሞ ከሞጆ በመቂ በኩል ወደ ደቡብ ሲወረድ የሚገኘው የዝዋይ ሐይቅ አለ። በደሴቶቹ ላይ፣ በተለይም በቱሉ ጉዶዋ ደብረ ጽዮን፣ የብራና መጻሕፍት ለዘመናት ተጠብቀው ኖረዋል። ሲነገር እንደቆየው በዮዲት ጉዲት ዘመን ካህናት ንዋየ ቅድሳትን ይዘው የተሸሸጉት በዚያ ነው። ሞጆ ራሷ ዛሬ በቆዳ ፋብሪካዎቿ የታወቀች ከተማ ናት፤ በመኪና የሚያልፍ ሁሉ ሽታቸውን ያውቀዋል። ቆዳው አሁን ለጫማና ለጓንት ይውላል። መጻፊያነቱን የወሰደው ወረቀት ነው፤ ወረቀቱም የመጣው በዚህችው ከተማ በኩል ነው።

ወረቀት በግመልና በበቅሎ ጭነት ወደ ደጋው መግባት የጀመረው ከባቡር በፊት ቢሆንም በብዛት የመጣው በሐዲድ ነው። የባቡሩ ሥራ በ1890 ዓ.ም. ጅቡቲ ላይ ተጀመረ፤ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከብዙ ክርክርና መዘግየት በኋላ በአዋሽ፣ በአዳማ፣ በሞጆና በቢሾፍቱ አድርጎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። 784 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ይህ መስመር ሞጆን ከመንገደኛ ማረፊያነት ወደ ባለ ጣቢያ ከተማነት አሸጋገራት። ጨው፣ ጨርቅና ቆርቆሮ በወረደበት ጣቢያ የማተሚያ ቤት ወረቀትም አለፈ።

በዚያን ዘመን ወረቀትና የእጅ ጽሑፍ ምን ያህል የተሳሰሩ እንደነበሩ «አእምሮ» ጋዜጣ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1902 ገደማ ካቫዲያ የተባለ ግሪካዊ ጋዜጣውን ሲጀምር ማተሚያ ስላልነበረው በየሳምንቱ 24 ያህል ቅጂ በእጅ እየተጻፈ ለአንባቢ ይደርስ ነበር። የአፄ ምኒልክ ቴምብሮች ቀድሞ በ1894 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ታትመው መጥተዋል፤ ኢትዮጵያም በ1908 እ.ኤ.አ. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆናለች። በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ተቋቋመ። ፖስታው፣ ቴምብሩና ማተሚያው ሲሟሉ የሰላምታ ካርድ የሚሄድበት መንገድ ተከፈተ።

በሌላው ዓለም ካርዱ ቀድሞ ራሱን ችሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1843 ሄንሪ ኮል የተባለ የለንደን ሰው ለወዳጆቹ ሁሉ የገና ደብዳቤ መጻፉ ቢከብደው ሆርስሊ የተባለውን ሠዓሊ አንድ ሥዕል አሠርቶ 1,000 ቅጂ አሳተመ። በሥዕሉ ላይ አንድ ቤተሰብ ማዕድ ዙሪያ ተቀምጦ ጽዋ አንሥቷል። በዚያው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የሙኒኩ ሎታር ሜገንዶርፈር አንዲት የወረቀት ምላስ ሲስቧት የሥዕሉ ሰው እጁን፣ ዓይኑንና እግሩን በአንድ ጊዜ የሚያንቀሳቅስበት የልጆች መጽሐፍ ሠራ። ከገጹ ጀርባ ትናንሽ የወረቀት መዘውሮችን በቀጭን የመዳብ ሽቦ አያይዞ ነበር። የኮል ካርድ የገበያ፣ የሜገንዶርፈር መጽሐፍ የጨዋታ አባት ሆኑ። ዛሬ በእጅ የሚሠራ የልደት ካርድ ከሁለቱም ወርሷል።

የእኛው ካርድ ግን በሌላ በር ነው የገባው፤ በእንቁጣጣሽ።

በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የተከፈተውን የምኒልክ ትምህርት ቤት ተከትሎ ትምህርት ወደ ጠቅላይ ግዛቶቹ፣ ኋላም ባቡሩ ወደሚያልፍባቸው ከተሞች ሲዛመት ደብተር፣ እርሳስ፣ ላጲስና ከለር ልጆች እጅ ገቡ። ክረምቱ ደግሞ የዕረፍት ጊዜ ነው። ዝናቡ ቤት ውስጥ ያግዳል፣ ጭቃው ኳስ አያጫውትም። ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ፣ ይልቁንም ጳጉሜን ሲገባ፣ ልጆች በመስኮት ሥር ተቀምጠው ሥዕል ይሠራሉ። ሴቶቹ ልጆች አደይ አበባና እንግጫ ይዘው አበባየሆሽ ለማለት ግጥሙን ሲለማመዱ ወንዶቹ ወረቀት ላይ ይደፋሉ። ይህ የሥራ ክፍፍል በብዙ ቤት የቆየ ልማድ ነው። እኔ በበኩሌ ሁለቱም ሁለቱንም ቢሠሩ እመርጣለሁ፤ ዛሬ በብዙ ሰፈር እንደዚያው እየሆነ ነው።

የሥዕሉ ዓይነት ብዙ አይደለም፤ ያም ውበቱ ነው። ክንፉን የዘረጋ መልአክ፣ ከተራራ ጀርባ የምትወጣ ፀሐይ፣ እርግብ፣ ሰንደቅ ዓላማ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቢጫው አደይ አበባ። ከላይ «እንኳን አደረሳችሁ» ተብሎ በትልልቅ ፊደል ይጻፋል፤ የፊደሉ ውስጥ በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ይሞላል። ጠንቀቅ ያለ ልጅ ከዘመነ ማን ወደ ዘመነ ማን እንደተሸጋገርን ጨምሮ ይጽፋል። ለዚህ ሒሳብ ያስፈልጋል፤ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5,500 ተደምሮ ለ4 ይካፈላል። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። 2018ን ብንወስድ ድምሩ 7,518 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል 2 ይቀራል፤ ዘመኑ ማርቆስ ነው። የዘመን አቆጣጠሩን ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብን፣ ልጅ በወረቀት ሥራ የሚማርበት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አላውቅም።

አሠራሩም የራሱ ብልሃት ነበረው። አንድ የሥዕል እጅ ያለው ልጅ፣ አብዛኛውን ጊዜ ታላቅ ወንድም፣ ዋናውን ሥዕል ይነድፋል። ሌሎቹ በካርቦን ይገለብጡታል፤ ካርቦን ከሌለ ሁለቱን ወረቀት ደርበው በመስኮት መስታወት ላይ ይለጥፉና ብርሃኑ ያሳለፈላቸውን መስመር በእርሳስ ይከተላሉ። ከለር እንዳያልቅ ሰማዩ ሳይቀባ ይቀራል። ከሁሉም የተለየ ጥንቃቄ የሚደረግላት አንዲት ሥዕል አለች፤ እሷ የአያት ናት።

መስከረም 1 ጠዋት ልጁ አዲስ ልብሱን ለብሶ ሥዕሎቹን በደረቱ አቅፎ ይወጣል። በር ያንኳኳል።

«እንኳን አደረሰዎት እማማ!»

«እንኳን አብሮ አደረሰን የኔ ልጅ! እስቲ አምጣው፤ አንተ ነህ የሣልከው?»

«አዎ፤ ክንፉን ግን ወንድሜ አግዞኛል።»

«ተባረክ፤ እደግ፤ ለከርሞ በሰላም ያድርስህ።»

ሳንቲሙ ከመቀነት ወይም ከቦርሳ ይወጣል፤ ሥዕሉ ግድግዳ ላይ፣ ከአምናው ጎን ይለጠፋል። በፖስታ ቤት በኩል የሚሄደው የለንደኑ ካርድ ላኪውን ቤቱ ያስቀራል፤ የእንቁጣጣሹ ሥዕል ግን ሠሪውን ይዞ ነው የሚመጣው። ሰላምታው በአፍ ይሰጣል፣ ምርቃቱ በዚያው ይከፈላል። ለቤተሰብ በዓል የሚሠራ ካርድ ምን መሆን አለበት ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መልሴ ይኸው ነው።

የልደት በዓል ግን ዘግይቶ መጣ። በክርስቲያኑ ቤት የሕፃን ትልቁ ቀን ክርስትናው ነው፤ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን። ልደት ተብሎ በድምቀት የሚከበረው የጌታ ልደት ገና እና ግንቦት 1 የሚውለው የእመቤታችን ልደታ ነበር። በግንቦት ልደታ ጎረቤት ከቤት ወጥቶ ንፍሮ ቀቅሎ አብሮ ይበላል። የራሱን የተወለደበትን ቀን የሚቆጥር ሰው ጥቂት ነበር፤ ብዙዎቹ አረጋውያን ዕድሜያቸውን ከማይጨው ዘመቻ ወይም ከጣሊያን መውጣት አንጻር ያሰሉት ነበር። ሐምሌ 16 የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልደት የሕዝብ በዓል ሆኖ ሲከበር የአንድን ሰው የልደት ቀን በካላንደር ላይ ማየት ተለመደ። ከዚያ በየከተማው ኬክ፣ ሻማና ፊኛ ተከተሉ። በቅርቡ ደግሞ፣ በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ፣ የልደት ምዝገባ በሀገር አቀፍ ደረጃ ሲጀመር የልጁ ቀን በመንግሥት ወረቀት ላይም ሰፈረ።

ወረቀቱን በተመለከተ ደግሞ በዚሁ በሞጆና በአዳማ አካባቢ ትልቅ ነገር ሆኗል። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ማምረት ጀመረ፤ በ1952 የቆቃ ግድብ ኃይል ማመንጨት ያዘ። ያንኑ የንጉሡን ዘመን ሳይለቅ ከአዳማ አቅራቢያ ወንጂ ላይ የወረቀት ፋብሪካ ተተከለ። የኢትዮጵያ ፐልፕና ወረቀት አክሲዮን ማኅበር ዛሬም የሚገኘው በዚያ ነው። ፐልፑ በአመዛኙ ከውጭ ቢመጣም የመጻፊያው ወረቀት የሚወጣው ከሸንኮራው ማሳ አጠገብ ካለው ማሽን ነው። የአዳማና የሞጆ ልጅ መልአኩን የሣለበት ደብተር ከቤቱ ብዙም ሳይርቅ ተመርቶ ሊሆን ይችል ነበር።

በደርግ ዘመን ብዙ ነገር ተለወጠ። መስከረም 2 የአብዮት ቀን ሆኖ ከእንቁጣጣሽ ማግስት ተቀመጠ፤ ወረቀትም እንደ ሌላው ዕቃ ሁሉ የሚቆጠብ ሆነ። ልጆች ያለቀ ደብተር መሃሉን ፈልቅቀው ያልተጻፈበትን ገጽ ያወጡ ነበር። ሆኖም ሥዕሉ አልቀረም። ይህ የሚያስታውሰኝ የሌላ ሀገር ልጅ ታሪክ አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጂትካ ሳምኮቫ የተባለች የ7 ዓመት የቼኮዝሎቫኪያ ልጅ ለመንደሯ ለመጣው ዕርዳታ ምስጋናዋን በሥዕል ገለጸች፤ ወረቀት ስላልነበረ በመስታወት ላይ ነበር የሣለችው። እ.ኤ.አ. በ1949 ዩኒሴፍ ያንን ሥዕል የመጀመሪያው የሰላምታ ካርዱ አደረገው። ወረቀት የቸገረው ልጅ ሁሉ መላ አያጣም።

በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የታተመው ፖስት ካርድ ገበያውን ያዘ። አበባ፣ መልክዓ ምድር፣ ኋላም የድምፃውያንና የፊልም ተዋንያን ፎቶ ያለበት ፖስት ካርድ በጳጉሜን በየመንገዱ በገመድ ተንጠልጥሎ ይሸጥ ነበር። ጀርባው ላይ ግጥም ተጽፎ ለፍቅረኛ፣ ለጓደኛ፣ ለአስተማሪ ይሰጣል። ይህ ለእጅ ሥራው የመጀመሪያው ፈተና ነበር። ሁለተኛው ፎቶ ኮፒ ሆነ። አንድ ሥዕል ተገዝቶ በብዛት ይባዛና ልጆቹ ከለር ብቻ ይቀቡታል፤ ቀጥሎ ቀለሙም ታትሞ መጣና ልጁ አዳይ ብቻ ሆነ። የአዲሱ ሺህ ዓመት መባቻ፣ መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ዘመነ ዮሐንስ ሲገባ፣ የታተመው ሥዕል ሀገሩን ሞልቶት ነበር። ሳንቲም እየሰጡ የተቀበሉት እናቶች «አንተ ነህ የሣልከው?» ብለው መጠየቁን ተዉት። ለእኔ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የዚህ ጥያቄ መጥፋት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 ሞጆ ላይ ደረቅ ወደቡ ሥራ ጀመረ። ከአዲስ አበባ ከ70 ኪሎ ሜትር ጥቂት በለጥ ብሎ፣ የአዳማው፣ የሐዋሳውና የአዲስ አበባው መንገድ በሚገናኙበት ስፍራ ጅቡቲ ላይ ከመርከብ የወረደ ኮንቴነር ተጭኖ መጥቶ የሚራገፍበት፣ ጉምሩክ የሚፈተሽበት ግቢ ሆነ። በመልቲሞዳል፣ ማለትም ከመርከብ እስከ ደረቅ ወደብ በአንድ ውል፣ የሚገባው የሀገሪቱ ዕቃ አብዛኛው የሚያልፈው በዚህ ነው። በ2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ ተመረቀ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ የጅቡቲ ባቡር ሲመረቅ ሞጆ እንደገና ባለ ጣቢያ ሆነች።

ባለ 20 እና ባለ 40 ጫማ ኮንቴነር ውስጥ ከማሽንና ከመድኃኒት ጋር የበዓል ዕቃም ይመጣል። ባለ ቀለም ወረቀት፣ ፊኛ፣ ብልጭልጭ ጥብጣብ፣ ሲከፈት የሚዘፍን የፋብሪካ ካርድ። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ጭነት ውስጥ ለእኛ የጎደለ ነገር አለ። በገመድ የተያያዘው የግድግዳ ጽሑፍ የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው። «መልካም ልደት» ብሎ በግእዝ ፊደል መስቀል የፈለገ ቤተሰብ ፊደሉን ራሱ መቁረጥ አለበት፤ በኦሮምኛ መጻፍ የፈለገም በቁቤ እንዲሁ። ሞጆ ውስጥ ሁለቱም ቋንቋ በአንድ ግቢ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ቤት ይነገራል። ስለዚህ መቀሱ ከመሳቢያ ወጣ። እናት «መ»ን ስትቆርጥ ልጅ «ል»ን ትከተላለች፤ የ«ደ»ን እግር ሳይሰበር ማውጣት ትዕግሥት ይጠይቃል። ከውጭ የመጣው ዕቃ መብዛት የእጅ ሥራውን መልሶ ያስጀመረው በዚህች ቀዳዳ በኩል ነው።

ወደቡ ለካርድ ሠሪ ሌላም ነገር ሰጥቷል፤ ካርቶን። ዕቃ የመጣበት ካርቶን ከሱቅ ጓሮ በነፃ ይገኛል። ጠንካራው ለካርዱ ጀርባ፣ ቀጭኑ ለሚነሣው አበባ ይሆናል። ዋናው ነገር አንድ ነጭ ወረቀት፣ መቀስ፣ ማስመሪያ፣ ኮላና ከለር ብቻ ነው። አሠራሩን በቅርብ ላሳያችሁ።

ወረቀቱ ተራው የማተሚያ ወረቀት፣ ኤ4 የሚባለው ይሁን። መሃል ለመሃል ይታጠፋል፤ የእያንዳንዱ ገጽ ስፋት 15 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ወረቀቱ እንደታጠፈ፣ ከእጥፋቱ ጀምሮ ወደ ውስጥ 5 ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ትይዩ መስመሮች በ2 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይሰመሩና በመቀስ ይቆረጣሉ። ከዚያ ወረቀቱ ይከፈትና በሁለቱ ቁርጦች መካከል ያለው ምላስ በጣት ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ካርዱ ተዘግቶ በጥፍር ይታሻል። እንደገና ሲከፈት ምላሱ ሣጥን ሠርቶ ብድግ ይላል። በሣጥኑ ፊት ላይ ከካርቶን የተቆረጠው አደይ አበባ በኮላ ይለጠፋል። እዚህ ላይ ብዙ ልጅ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ካርዱ ሲዘጋ የሣጥኑ አፍንጫ ከእጥፋቱ የቁርጡን እጥፍ ያህል ይርቃል፤ ቁርጡ 5 ከሆነ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ይደርሳል ማለት ነው። ስለዚህ ቁርጡ ከገጹ ስፋት ግማሽ መብለጥ የለበትም፤ ከበለጠ ካርዱ ተዘግቶም ሣጥኑ በጎን ይወጣል። አበባው ሲለጠፍም ይህ ታስቦ ነው፤ ኮላው ሳይደርቅ መዝጋት ደግሞ ሁለቱን ገጽ ያጣብቃል። ውጪው ላይ ሌላ ወረቀት ሲለጠፍ ቀዳዳው ይሸፈናል።

ለእንቁጣጣሽ ከሆነ የዘመን መዘውር መጨመር ይቻላል። ክብ ወረቀት ተቆርጦ ለአራት ይከፈልና ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ ይጻፍበታል። ከካርዱ ፊት ጀርባ ይቀመጥና መሃሉ በመርፌ ተወግቶ በክር በሁለት በኩል ይቋጠራል። ፊቱ ላይ አንዲት ትንሽ መስኮት ትከፈትለታለች። ተቀባዩ ክቡን በጣቱ ሲያዞር ወንጌላውያኑ አንድ በአንድ በመስኮቷ ብቅ ይላሉ። በየዓመቱ ሩብ ዙር ሲዞር ካርዱ አያረጅም።

ስማርት ስልክ ሲመጣ ሰላምታው ወደ ቴሌግራም ዞረ። አንድ ምስል ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ በአንድ ጠዋት ብዙ ሺህ ቤት ይደርሳል። ርቆ ላለ ዘመድ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ባሕር ማዶ ያለ ልጅ የእናቱን ድምፅ በዓመት በዓል ጠዋት የሚሰማበትን ነገር ማንም አይጠላውም። ቤት ውስጥ ግን ሌላ ጉዳይ አለ። የሞጆን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ የከባድ መኪና ሹፌር ኑሮ ምን እንደሆነ ያውቃል። ጭነት ይዞ ጅቡቲ የወረደ አባት በድንበሩ ጋላፊ ላይ ተራ ሲጠብቅ የልጁ ልደት ያልፋል። በስልክ «እንኳን ተወለድሽ» ይላታል፤ እሷ የሠራችው ካርድ ደግሞ ቤት ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ ታመጣለታለች። ከፍቶ አበባው ሲነሣ የሚያየው በራሷ ፊት ነው። ስልክ ያደረሰውን ሰላምታ ካርዱ ዘግይቶ ይፈጽመዋል።

በዚህ ዘመን መምህራንም ይህን ሥራ ቢይዙት ጥሩ ነው። አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ በማስመሪያ ለክቶ፣ ትይዩ መስመር አስምሮ፣ ዘመኑን አካፍሎ የሚያወጣበት የወረቀት ሥራ ሒሳብም፣ ሥዕልም፣ ባህልም ነው። የሚፈልገው ወጪ ከአንድ ማስቲካ ብዙም አይበልጥም።

የሞጆ፣ የአዳማ፣ የመቂና የዝዋይ ወላጆች ሆይ፦ ጳጉሜን ሲገባ የታተመ ሥዕል ከመግዛታችሁ በፊት ለልጆቻችሁ ነጭ ወረቀት፣ መቀስና ኮላ ስጧቸው፤ አንዷን ለአያታቸው፣ አንዷን መንገድ ላይ ላለው አባታቸው እንዲያስቀሩ ንገሯቸው። መስከረም 1 ጠዋት በራችሁን የሚያንኳኳውን የጎረቤት ልጅም «አንተ ነህ የሣልከው?» ብላችሁ ጠይቁት። አዎ ካለ ሳንቲሙን ጨመር አድርጉለት፤ ሥዕሉ ጀርባ ላይም ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን ጽፋችሁ አስቀምጡለት።